አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ሲስተምና የአንድ ሌሊት ሱሑር



እኛ ሁለት እህትማማቾች ነን። ታላቋ ኮምፒውተር ሳይንስ ትማራለች፣ ታናሿ አካውንቲንግ። ሁለታችንም የምንጠቀመው በአንድ ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ግን ሁለት ሲስተም አለ፤ ዊንዶውስና ኡቡንቱ። ሲበራ የትኛውን እንደምንፈልግ ይጠይቀናል፣ እኛም እንደ ሥራችን እንመርጣለን። በዶርም ያዩን ልጆች "እንዴት ጫናችሁት? ፋይል አያጠፋም ወይ? አያስቸግርም ወይ?" እያሉ ስለሚጠይቁን፣ መልሱን እዚህ ብንጽፈው ለብዙ ሰው ይጠቅማል ብለን ተነሳን። ይሁን እንጂ የአጫጫኑን ነገር ብቻ ነግረናችሁ ብናልፍ እውነቱን መደበቅ ይሆንብናል። ባለፈው ረመዳን በዚሁ ላፕቶፕ ምክንያት በቤታችን አራት ሰው የአንድ ቀን ፆም ቀዷ አውጥቷል። ከአራቱ አንዷ አያታችን ናቸው። ስለዚህ ሁለቱንም አብረን እንነግራችኋለን።

ቤተሰባችን የሚኖረው ተጂ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ዓለም ገናን፣ ሰበታንና ተፍኪን አልፋችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። ዙሪያዋን የበቾ ሜዳ ነው፤ መሬቱ ጥቁር አፈር፣ ምርቱ ጤፍና ሽምብራ። ላፕቶፑም የተገዛው በዚያው በጤፍና በሽምብራ ገንዘብ ነው። ታላቋ ሁለተኛ ዓመት፣ ታናሿ አንደኛ ዓመት ስንሆን አባታችን እህል ሸጦ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛልን። ለሁለት የሚበቃ ገንዘብ አልነበረም። ሲሰጠንም "ሐቃችሁን ተጠባብቃችሁ ተጠቀሙበት" አለን። ይህቺን ቃል ያን ጊዜ የተረዳናት በሰዓት መካፈል ብቻ ነበር፤ ጠዋት አንቺ፣ ማታ እኔ።

ችግሩ የመጣው ከትምህርቱ ነው። ለአካውንቲንግ ፒችትሪ ያስፈልጋል፤ ፒችትሪ ደግሞ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ለኮምፒውተር ሳይንሱ ግን የሊኑክስ ተርሚናል የሚፈልጉ ኮርሶች መጡ። መጀመሪያ የሞከርነው ዊንዶውሱ ውስጥ ቨርቹዋልቦክስ ጭነን ሊኑክሱን በውስጡ ማስነሳት ነበር። ይህ መንገድ ጥሩ ነው፤ ራሙ ሰፊ ለሆነለት ሰው እንመክራለን፤ ምንም ነገር ሳይከፋፍል መማር ይችላል። የእኛ ራም ግን 4 ጊጋባይት ብቻ ነው። ሁለቱ ሲስተሞች በአንድ ጊዜ ተነስተው ያችን ራም ሲካፈሉ ላፕቶፑ እንደ ምድጃ ይግላል፣ ማውሱ እንኳ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ አማራጩ ዱዋል ቡት ሆነ፤ ሁለቱም ዲስኩ ላይ ይኖራሉ፣ የሚሠራው ግን በየተራ አንዱ ብቻ ነው። ያኔ የተነሳው ሲስተም ራሙን በሙሉ ለብቻው ያገኛል።

ከመጫናችን በፊት አንድ የሐቅ ጉዳይ ነበረብን። ላፕቶፑ ሲገዛ የነበረበት ዊንዶውስ በክራክ የተከፈተ ነበር። በ1988 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መሆኑንና መጣስ እንደማይፈቀድ ወስኗል። ይህን ካወቅን በኋላ ክራኩ ይከብደን ጀመር። ሊኑክሱ ከዚህ ነፃ ነው፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ቅዱት፣ አከፋፍሉት፣ ለውጡት ብለው የፈቀዱት ነው። ለዊንዶውሱ ግን ገንዘብ ከየት ይመጣል ብለን ስንጨነቅ አንድ ነገር አወቅን። ከፋብሪካ ዊንዶውስ 8 ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው በሚሸጡ ላፕቶፖች፣ በአብዛኛው የፈቃዱ ቁጥር ማዘርቦርዱ ውስጥ ተቀምጧል። ክራኩን አጥፍተን ትክክለኛውን ዊንዶውስ፣ ያንኑ እትም፣ እንደ አዲስ ስንጭነው ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ራሱን በራሱ አክቲቬት አደረገ። ለካ ሕጋዊው ከመጀመሪያውም በእጃችን ነበር። ከእናንተም መካከል ሳያውቀው እንዲህ ያለው ሊኖር ይችላልና ከመደምደማችሁ በፊት ሞክሩት።

አጫጫኑ ይህን ይመስላል። ዲስካችን ባለ 256 ጊጋባይት ነው፤ ዊንዶውስ ሲቆጥረው 238 ብሎ ያሳየዋል። በመጀመሪያ ሁለታችንም የምንሳሳለትን ፋይል ሁሉ ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጥን። ይህ ሳይደረግ ማንም ሰው ፓርቲሽን እንዳይነካ አደራ እንላለን። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነም የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጽፎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ኋላ ሊጠይቅ ይችላል። ከዚያ በዊንዶውሱ የዲስክ ማስተዳደሪያ የዊንዶውሱን ድርሻ ወደ 110 ጊጋባይት አጠበብነው። በግቢው ኢንተርኔት 6 ጊጋባይት ገደማ የሚሆነውን ኡቡንቱ አውርደን፣ ሩፉስ በተባለው ፕሮግራም ፍላሽ ላይ አዘጋጅተን፣ 50 ጊጋባይት ሰጥተን ጫንነው። የቀረውን ወደ 75 ጊጋባይት ገደማ "የጋራ" ብለን ሰየምነው። ኡቡንቱ የዊንዶውስን የፋይል አደረጃጀት ያነባል፣ ይጽፍበታልም፤ ዊንዶውስ ግን የኡቡንቱን እንዲያው አያየውም። ስለዚህ የጋራው ክፍል ሁለቱም በሚያውቁት በዊንዶውሱ አደረጃጀት ተሠራ። ማስታወሻዎቻችን፣ አሳይመንቶቻችንና የቁርአን ቲላዋ ድምፆቻችን ያሉት እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ከዚሁ ከጋራው ክፍል መጣ። አንድ ቀን ታላቋ በኡቡንቱ ገብታ የጋራው ላይ ልትጽፍ ስትል አልጽፍም፣ ማንበብ ብቻ ነው አላት። ምክንያቱ ዊንዶውስ "ፈጣን አነሳስ" የሚባል ልማድ አለው፤ ሲዘጋ ሙሉ ለሙሉ አይዘጋም። የሚያስታውሰውን ዲስኩ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፣ የከፈታቸውን ክፍሎችም እንደያዘ ይቆያል። ኡቡንቱም ሌላው እንደያዘው ሲያይ እንዳያበላሽ እጁን ይሰበስባል። ይህን ፈጣን አነሳስ ከዊንዶውሱ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ አጠፋነው፤ ችግሩም ጠፋ። ያን ዕለት "ሲስተሞቹ ከእኛ ይልቅ ሐቅ ያውቃሉ" ብለን ሳቅን።

ሁለተኛው የጋራ ነገር በሩ ነው። ላፕቶፑ ሲበራ የምርጫውን ዝርዝር የሚያሳየው ግራብ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ትልቅ አፕዴት ሲያደርግ አንዳንዴ የአነሳሱን ቅደም ተከተል ይለውጠዋል፤ ግራብ ሳይታይ ቀጥታ ዊንዶውስ ይከፈታል። ያኔ ኡቡንቱ ጠፋ ብሎ ማልቀስ አያስፈልግም፤ በባዮሱ ውስጥ ኡቡንቱን ወደ ፊት ማምጣት በአብዛኛው ይበቃል። ከበድ ያለም ያጋጥማል። በኦገስት 2024 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የዊንዶውስ የደህንነት አፕዴት፣ ዱዋል ቡት ባላቸው በርካታ ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክሱ እንዳይነሳ አድርጎ ማይክሮሶፍትም ችግሩን አምኖ መፍትሔ አሳውቆበታል። ስለዚህ የጫናችሁበትን ፍላሽ ፎርማት አድርጋችሁ ፊልም አትጫኑበት፤ አንድ ቀን መግቢያ በራችሁ እሱ ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው የጋራ ነገር ሰዓቱ ነው። እሱን አላሰብንበትም ነበር።

በግቢ ሳለን ከኡቡንቱ ወጥተን ዊንዶውስ ስንከፍት ሰዓቱ አንዳንዴ የተሳሳተ ሆኖ እናገኘው ነበር። ታናሿ "ኧረ ይሄ ነገር ሰዓቱን ይዘባርቃል" ትላለች፤ በዋይፋዩ ተገናኝተን "አሁን አስተካክል" የሚለውን እንጫናለን፤ ይስተካከላል፤ እንረሳዋለን። ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳደረግን አንቆጥረውም። ለምን ብለን ግን አንድም ቀን አልጠየቅንም።

ረመዳን ገባ። የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ላይ ቅዳሜና እሁድን ከቤተሰብ ጋር ለማሳለፍ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ተጂ ሄድን። ከግቢ ከመውጣታችን በፊት ላፕቶፑን ለመጨረሻ ጊዜ የዘጋነው በኡቡንቱ ነበር። ቤት ስንደርስ አባታችን ለኢዕቲካፍ መስጂድ ገብቷል። በዚያው ምሽት መብራት ጠፋ፤ ቅዳሜም ሳይመጣ ዋለ። ቅዳሜ ማታ የሁላችንም ስልክ ቻርጅ ጨርሶ ጠፍቷል። የግድግዳው ሰዓት ባትሪ ካለቀ ቆይቷል። መስጂዱ ከቤታችን ራቅ ያለ ነው፤ መብራት ከሌለ የአዛኑ ድምፅ እኛ ጋ አይደርስም። ቻርጅ ያለው በቦርሳ የተቀመጠው ላፕቶፕ ብቻ ነበር። በዊንዶውሱ ላይ የአዛን ፕሮግራም ጭነን ስለነበርም "እሱ ይቀሰቅሰናል፣ ሰዓቱንም እሱ ይነግረናል" ብለን ለእናታችን በኩራት ነገርናት።

ሌሊት እናታችን በራሷ ጊዜ ነቃች። "ስንት ሰዓት ሆነ?" አለች። ላፕቶፑን ከፈትን፤ ዊንዶውስ ተነሳ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፏል፣ ያለው ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያ ሰሞን ሱብሂ የሚገባው 11 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው። "ገና ሦስት ሰዓት አለን" አልናት። "እንግዲያው ተረጋግቼ ትኩስ ነገር ልሥራላችሁ" ብላ ከሰል አያያዘች፤ ሽሮ ጣደች።

አያታችን ቀደም ብለው ነቅተው በተኙበት ዚክር ይላሉ። እኛን ሲሰሙ "ዶሮው ከጮኸ ቆየ እኮ፣ ልጆቼ" አሉ።

እኛም ምን ብለን መለስንላቸው? "እማማ፣ ዶሮ ይሳሳታል፤ ኮምፒውተር አይሳሳትም።"

ዝም አሉ። ሽሮው ሲደርስ አብረውን በሉ። ውኃ ጠጡ። ቀሪውን ሌሊት ሊሰግዱ ብለው ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ለውዱእ ወደ ውጭ ወጡ። ትንሽ ቆይተው ከደጅ ተጣሩ። "ልጆች፣ ኑና እዩ። ነግቷል።"

ወጣን። በሜዳው ጫፍ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ነጥቷል። ጎረቤታችን ከሱብሂ ሶላት ሲመለሱ በአጥሩ በኩል ሰላም ብለውን አለፉ። ላፕቶፑ ቤት ውስጥ ገና 9 ሰዓት አልሞላም እያለ ነው። እናታችን አንዴ እኛን፣ አንዴ ድስቱን አየች፤ አልተቆጣችም። ቢቆጡን በቀለለን ነበር።

በዚያው ቀን አባታችን ኢማሙን ጠየቀ። የአብዛኞቹ ዑለማዎች አቋም ግልጽ ነው አሉት፤ ሌሊት ነው ብሎ በልቶ ኋላ ንጋት ገብቶ እንደነበር የተረጋገጠለት ሰው ቀኑን ፆሙን ይዞ ይውላል፣ በኋላም ቀዷ ያወጣል። ቀዷ የለበትም ያሉ ዑለማዎች መኖራቸውንም ነገሩት። ቤተሰባችን ጥንቃቄውን መረጠ። ከዒድ በኋላ አራታችንም አንድ አንድ ቀን ፆምን። እኛ ወጣቶች ነን፣ አልከበደንም። አያታችን ግን ያችን ቀን ሲፆሙ ማየት በጣም ከበደን።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን የመረመርነው። ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ትንሽ ባትሪ አለች፤ ላፕቶፑ ጠፍቶም ቢሆን ሰዓቱ እንዲቆጥር ታደርጋለች። ይህ ሰዓት ቁጥር ብቻ ነው የሚይዘው፤ የየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ አይጽፍም። ዊንዶውስ ከዶስ ዘመን በወረሰው ልማድ፣ እዚያ ያለውን ቁጥር የአገሬ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። ሊኑክስ ደግሞ የዩኒክስን ልማድ ተከትሎ ዩቲሲ የሚባለው ዓለም አቀፉ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ኡቡንቱ ሲዘጋ እዚያ የሚገኘው ቁጥር በእኛ አቆጣጠር 7 ሰዓት ነው። ለኡቡንቱ ትክክል ነው፤ ሲነሳ 3 ይደምርበታል። ዊንዶውስ ግን እንዳለ ያነበዋል፤ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በግቢ ኢንተርኔቱ ስህተቱን ይሸፍንልን ነበር። ተጂ ላይ ያን ሌሊት የሚሸፍን አልነበረም። ከሁለቱ ሲስተሞች አንዱም አልተሳሳተም፤ እያንዳንዱ በልማዱ አነበበ። የተሳሳትነው በጋራው ሰዓት ላይ እንዲስማሙ ሳናደርግ፣ ደግሞም ምልክቱን ደጋግመን እያየን "አሁን አስተካክል" ስንጫን የከረምነው እኛ ነን።

ማስተካከያው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። በኡቡንቱ ተርሚናል "ታይምዴት-ሲቲኤል" የሚባለውን ትእዛዝ "ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1" ከሚለው ጋር ብትሰጡት፣ እሱም እንደ ዊንዶውስ የአገር ሰዓት ማንበብ ይጀምራል። ኡቡንቱ ይህን አሠራር አይወደውም፣ ማስጠንቀቂያም ያሳያል፤ ዋናው ችግሩ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚገፉ አገሮች ነው፤ እኛ ያ የለብንም። ሌላው መንገድ በዊንዶውሱ ሬጅስትሪ ውስጥ ዩቲሲ እንዲያነብ ማዘዝ ነው። አንዱን ምረጡ፤ ሁለቱንም ካደረጋችሁ እንደገና ይለያያሉ። ከዚያ ፈትኑት። ኡቡንቱን ከፍታችሁ ዝጉ፣ ዋይፋዩን አጥፉ፣ ዊንዶውስን ክፈቱና ከስልካችሁ ጋር አስተያዩት። የትእዛዙን አጻጻፍ የፈለገ ከዙህር ሶላት በኋላ ያግኘን፤ በእጃችን ጽፈን እንሰጣለን።

የሶላት ሰዓት መጠበቅ በእስልምና ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። በትላልቅ መስጂዶች ሙወቂት የሚባል ባለሙያ ይመደብ ነበር፤ ሥራው የሶላት ወቅቶችን በስሌትና በመሣሪያ ማወቅ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በደማስቆ ኡመውይ መስጂድ ሙወቂት የነበረው ኢብኑ ሻጢር የታወቀ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው፤ በ1371 እ.ኤ.አ. ገደማ ለመስጂዱ ሚናራ የሠራው የፀሐይ ሰዓት እስካሁን ስሙን ያስጠራዋል። እንዲህ ያለ ሰው መሣሪያውን ከሰማይ ጋር እያመሳከረ ነው የሚሠራው። እኛ ግን የአዛን ፕሮግራም አውርደን ስንጭን ለአራት ሰው ሙወቂት መሆናችንን አላሰብንም። ሱረቱል በቀራ 187ኛው አንቀጽ ለፆመኛ ያስቀመጠው ምልክት ንጋቱን ራሱን ነው። ሰዓታችን የንጋቱ ወኪል ብቻ ነው። አያታችን በዶሮው በኩል ወደ ምልክቱ ሲመሩን፣ እኛ ወኪሉን ይዘን ተከራከርናቸው። በሩን ከፍተን አንዴ ወደ ሰማይ ብናይ ይበቃን ነበር።

አሁን ላፕቶፑን የምንይዝበት ሥርዓት ይህ ነው። በየወሩ መጀመሪያ ፋይላችንን ወደ ውጭ ዲስክ እንገለብጣለን። ሁለቱንም ሲስተም በየተራ አፕዴት እናደርጋለን፤ ፈተና ሲደርስ ግን ትልቅ አፕዴት አንጀምርም። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4፣ 2018 ላይ ስላበቃና የእኛ ላፕቶፕ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት ስለማያሟላ፣ ኢንተርኔት የሚነካውን ሥራ ሁሉ ወደ ኡቡንቱ አዛውረናል፤ ዊንዶውሱ ለፒችትሪ ብቻ ነው የሚነሳው። አንዳችን የሌላችንን ድርሻ ሳታማክር አትነካም፤ በተለይ ከዊንዶውስ ገብቶ የኡቡንቱን ክፍል ማጥፋት ግራብን ስለሚሰብር ላፕቶፑን በሩ ላይ ያስቀረዋል። ወደ ቤት ከመሄዳችን በፊት ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ሰዓቱን እንፈትሻለን። አባታችን "ሐቃችሁን ተጠባብቃችሁ" ሲለን ይሄ ሁሉ እንዳለበት አሁን ነው የገባን፤ የየግላችንን መካፈል ቀላሉ ነው፣ የጋራውን መጠበቅ ነው ከባዱ።

ወደ ቤት ስንደውል አያታችን ስለ ትምህርታችን ከጠየቁን በኋላ "ያ ኮምፒውተራችሁ ሰዓቱን ያዘ?" ይሉናል። "ይዟል፣ እማማ፤ ግን እርስዎንም እንጠይቃለን" እንላቸዋለን። ይስቃሉ፤ ዱዓ ያደርጉልናል።